ግድብ ዳር፣ ሁለት ማሰሮ ድልህ

ነሐሴ 2 ቀን 1999፣ ረቡዕ

ብልባላ ገባሁ። ከላሊበላ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ ጭቃ ሁለት ጊዜ ያዘው፣ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በሦስተኛው ሹፌሩ "መምህርት አንቺ አትውረጂ፣ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ" አለኝ። ጸለይኩ። ወጣ። የክረምት ዕረፍቴ በተአምር ተጀመረ።

የእማዬ ቤት እንዳለ ነው። ውሃው ግን እንዳለ አይደለም... ከአምስት ዓመት በፊት ከታች ያለውን ሸለቆ ሲገድቡት "ባንችይርጋ፣ ሐይቅ ዳር ቤት ያምርሻል ወይ?" ብሎ የጠየቃት የለም። በየክረምቱ ይሞላል፣ በየበጋው ይጎድላል። ዘንድሮ ከአጥራችን ሃያ እርምጃ ቀርቶታል። ለካሁት። ወንድሜ ኢያቄም ለኪ ብሎኛል።

ኢያቄም ወልድያ ሲሚንቶ ይነግዳል። ስለዚህ በሲሚንቶ ያልተለሰነ ነገር ሁሉ ሊፈርስ የተቃረበ ይመስለዋል። እናታችንም ጭምር። ለእኔ የሰጠኝ ተልዕኮ፦ "እስከ ጳጉሜ አሳምኛት። አይሱዙ ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ብቻዋን ውሃ አፋፍ ላይ!" እሺ አልኩ። እኔ ለማን እንቢ ብዬ አውቃለሁ?

አምና ወስዷት ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆየች። "ግድግዳው አይተነፍስም" ብላ በአሥረኛው ተመለሰች።

ነሐሴ 4

የድልህ ቀን። በርበሬው ከትናንት ጀምሮ ተነክሯል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ትንሽ ጤና አዳም፣ ጨው። ወፍጮው ላይ እኔ በመጅ እፈጫለሁ፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታዛለች። ጾም ስለሆነ አትቀምስም፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነማ። በድምፁ ነው የምታውቀው። "ገና ነው። እየጮኸ ነው... አሁን ዝም አለ፣ በቃው።"

ጓሮ ካሉት ሦስት የቲማቲም እግሮች አንድ ፍሬ ቀጥፌ "ይቺን ብንጨምርባትስ?" ብል...

"ምን ላይ?"

"ድልሁ ላይ። ላሊበላ ሆቴሎቹ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት ከትፈው፣ ሎሚ ጨምቀው ለፈረንጅ ያቀርባሉ። ሳልሳ ይሉታል።"

"እሱ ፈረንጅ አፉን የሚጉመጠመጥበት ነው። አስቀምጪው።"

አስቀመጥኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ሦስት ዓመት ኮሌጅ ጨርሼ፣ አንዲት ቲማቲም ማስገባት አልቻልኩም።

ጓዳ ሁለት ማሰሮ አለ። አንደኛው በሐምሌ የተሠራው፣ በቅቤ የተለወሰው። አፉ በቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ ጾሙ እስኪፈታ አይነካም። የዛሬው የጾም ስለሆነ በነጭ ጨርቅ። ቀይ የፍስክ፣ ነጭ የጾም። የእማዬ ሕግ ነው፤ ከእሷም እናት የመጣ። እንኳን ሰው ድመቱም ያውቀዋል።

ነሐሴ 6፣ እሑድ

መዓት።

የንስሐ አባታችን ቄስ ወርቅአገኘሁ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ድንች ተቀቅሏል። እማዬ ጓዳ ገብታ በጣባ ድልህ ቀድታ ሰጠችኝ፣ አቀረብኩ። አባ ድንቹን አጠቀሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ባንችይርጋ! የዘንድሮው ምን ነክቶት ነው? ነፍስ ይመልሳል እኮ!"

"የልጅቱ ክንድ ነው፣ አባ።"

ሁለተኛ አጠቀሱ። ሦስተኛ። በአራተኛው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ድንቹን አዩት። ጣባውን አዩት። ከዚያ እኔን...

በዚህ መሀል እማዬ ከጓዳ እጇን ዘርግታ "ነጩን ጨርቅ መልሰሽ እሰሪልኝ" አለችኝ። ተቀበልኳት። ቀይ ነው። ደም የመሰለ ቀይ።

ቅቤ። በፍልሰታ። ለንስሐ አባት። ያውም ሦስት ድንች!

ጨርቁን በመዳፌ ጨበጥኩትና "አባ ይፍቱኝ፣ እኔ ነኝ፣ ማሰሮው ተሳሳተብኝ" አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እማዬ ከጓዳ "ምኑ?" አለች።  አባ አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡ፣ አማተቡ። "ሳያውቁ የሠሩት ነው። አርባ ስግደት። እኔም አርባ።" ሲወጡ ግን ጣባውን እንደገና አዩት። ያንን አስተያየት ምን ልበለው... ናፍቆት?

ነሐሴ 7

አርባውን ሰገድኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

እማዬ ቀይና ነጭ አልለየችም። ድመቱ የሚያውቀውን። ለምን እስከ ዛሬ አላየሁም? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሰለልኳት። ጠዋት ጎረቤታችን ጋሻዬ አህያውን አስቀድሞ በበራችን ሲያልፍ እማዬ ለአህያው "ጋሻዬ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና?" አለች። አህያው አስተዳደግ ያለው ነውና ራሱን ነቀነቀ። ጋሻዬ ከኋላ "ደኅና፣ ይመስገነው" ብሎ መለሰ። ስላልደነገጠ የመጀመሪያ ጊዜው አይመስለኝም።

ከሰዓት ደጅ ተቀምጠን፦

"እማዬ፣ ወደ ውሃው ስታዪ ምን ይታይሻል?"

"ውሃ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ውሃ።"

አምስት ፍየሎች እየጠጡ ነበር።

ሞራ ነው። ቀና ስትል የቀኝ ዓይኗ መሀል ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ይታያል። አሁን ምን ላድርግ? ለኢያቄም አንድ ቃል ብተነፍስ አይሱዙው ነገ ደጃችን ነው። "አላልኩም?" ይላል። ልክም ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ልክ መሆኑ። ዝም ብልስ? አንድ ምሽት ውሃውን መሬት ብላ ብትረግጠውስ...

ነሐሴ 9

ውሃው አሥራ አምስት እርምጃ። ዝናብ። አልተናገርኩም።

ነሐሴ 12

አባ ወርቅአገኘሁ መንገድ ላይ አገኙኝ።

"ሰገድሽ?"

"ሰገድኩ፣ አባ።"

"ስንት?"

"አርባ።"

"አሥር ጨምሪ።"

"ምነው አባ?"

"አርባው ለቅቤው ነበር። አሥሩ ለውሸቱ ነው። ማሰሮውን ማን እንደከፈተ ከተቀመጥኩበት አይቻለሁ።"

እሳቸው ትንሽ ሄዱና ዞር አሉ። "ለወንድምሽ እኔ አልነግርም። ግን ልጄ፣ ሰውን ከእውነት ደብቆ የጠበቀ የለም።" ጥሩ ስብከት ነበር፤ ጃንጥላቸው ባይገለበጥ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ አለቀ። ረቡዕ ግን ረቡዕ ነው፤ አላለቀም። አሥራ አምስት ቀን የጠበቀ ቀይ ጨርቅ አንድ ቀን ተጨመረበት። አገሩ ሁሉ በዓል እያከበረ ሽሮ ይበላል።

ነሐሴ 17

ኢያቄም መጣ። ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነሜትሩ። ሰላም ሳይለኝ ከአጥሩ እስከ ውሃው በሜትርም በእርምጃም ለካ። "አሥራ አንድ እርምጃ!" ደስ ያለው ይመስላል።

ዶሮው ወጣ፣ ድልሁ ቀረበ፤ ማሰሮውን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ልጆቹ ደጅ ዶሮ ያባርራሉ። ለሦስት ደቂቃ ያህል ሁላችንም እንዋደድ ነበር። ከዚያ ኢያቄም እጁን ሳይታጠብ ጀመረ።

"እማዬ፣ ኤልሳ ነግራሻለች አይደል?"

"ምን?"

ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ዶሮው እግር አየሁ።

እማዬ እንጀራዋን አስቀመጠች። "እሷ አልነገረችኝም። እኔ ልንገርህ። በፍልሰታ ለቄሱ ቅቤ ያበላሁት እኔ ነኝ።"

"እ?"

"ጨርቁን መለየት አቅቶኝ። እሷ በእኔ ኃጢአት አርባ ሰገደች። ኋላ ደግሞ አሥር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።"

"በምን አወቅሽ?" አልኩ። 

"ጉልበትሽ ሲንቋቋ ቆጠርኩ። የታመመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ነው እንዴ?"

 ኢያቄም አሸንፏል፣ ግን እንደ አሸናፊ አላደረገውም፤ አንገቱን ደፋ። "እማዬ... ከመቼ ጀምሮ?" "ከአምና በፊት። ሳልነግርህ ነው ወልድያ የሰነበትኩት። ደረጃህ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።" ያ ሁሉ "ግድግዳው አይተነፍስም" ለካ...

ወልድያ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች መጥተዋል አለ ኢያቄም። በአንድ ቀን ያልቃል አለ። እማዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን "በቢላ? ዓይኔን?" ብላ ከደጅ የምታባርረው ወሬ ነው። ዛሬ ዝም ብላ ሰማች።

"እሄዳለሁ። አልጋዬ ግን እዚሁ ይቆያል።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ከዚያ በኋላማ የማይ ሰው ነኝ። ራሴ አይቼ እነግርሃለሁ።"

ነሐሴ 19

ሄደች። አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ወደ ጦር ሜዳ እንደሚሄድ ሹም ቀጥ ብላ። ለእኔ አንድ ትእዛዝ፦ "ጠዋት ጠዋት ጭስ ከቤቴ እንዳይጠፋ።" ገብቶኛል። ቤቱ ባዶ ካደረ ኢያቄም "ተለቀቀ" ይላል። ጭሱ መንግሥት ነው።

ነሐሴ 23

ብቻዬን። ፀጥታ። ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል፣ ሲያባራ ውሃው እንደ ቆርቆሮ ይበራል። ዳሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሥራ የለኝም፤ ማንንም አላሳምንም። እንዲህ ደስ ይላል? ማንም እንዳይሰማ እንጂ...

ዛሬ ቲማቲሞቹን ቀጠፍኩ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ከእማዬ ድልህ ደግሞ አንድ ማንኪያ። ወፍጮው ላይ ደቆስኩት። ግራ ቀኝ አይቼ። በራሴ ቤት እንደ ሌባ። በድንች በላሁት... ልክ ነበርኩ! የምመሰክርለት ሰው ግን የለም። ድመቱ አሸተተና ሄደ።

ነሐሴ 26

እስካሁን ወሬ የለም። ኢያቄም ቤት ቴሌቪዥን አለ፣ የልጅ ልጅ አለ፣ ቧንቧ አለ። ማየት ስትጀምር እነሱን ነው የምታየው። ቀድሞውንስ ይሄን ጭቃ ለምን ትመርጣለች? ኢያቄም እኮ ክፉ አይደለም። ውሃው ዘጠኝ እርምጃ።

ጭሱን አጭሻለሁ።

ነሐሴ 30

የሚኒባሱ ሹፌር መልእክት አመጣ። ቃል በቃል፦ "የቀኙ ተገፍፏል፣ ደኅና ነኝ። ወፍጮዬን ቲማቲም እንዳታስነኪ።"

በምን አወቀች? ሴትዮዋ ዓይን ለምን አስፈለጋት?

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ የተቀደሰ ነውና ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተጠመቀ። እኔም ወጣሁ። ስለ አንድ ዓይን ለመንኩ። ስለ አንድ አልጋም።

ጳጉሜ 5

መጣች።

ከአይሱዙው ስትወርድ ኢያቄም እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። ቆማ አየችኝ። ረጅም። እኔ እንባዬን አዘጋጅቻለሁ...

"ኤልሳ። ሸብተሻል እኮ!"

"እማዬ፣ ሦስት ፀጉር ነው።"

"ሰባት። ይሄም ቆሻሻ ነበር ቀሚስሽ ላይ ሁልጊዜ?"

ገባች። የሸረሪቱን ድር ጠየቀች፣ ከመቼ ጀምሮ አብሯት እንደሚኖር። ጥቀርሻውን ጠየቀች። ወፍጮውን በጣቷ ዳሰሰች፣ አንዲት የቲማቲም ዘር አንሥታ በጥፍሯ ጫፍ ወደ ብርሃን አቀናች። ምንም አላለችም። ከዚህ የባሰ ፍርድ ተፈርዶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ወደ አጥሩ ወረደች። ኢያቄም ከኋላዋ፣ እኔ ከኋላው። ውሃው ስድስት እርምጃ ላይ ነው፣ ቡናማ፣ የሰኔ ጭቃ ሁሉ ውስጡ። ኢያቄም ቀስ ብሎ "እማዬ፣ አየሽ?" አለ።

"አየሁ። አላጋነንክም፣ ቀርቧል።"  "ለዚህ ነው ቤቴን ልቀቂ ያላችሁኝ? እኔ እኮ በጆሮዬ ስሰማው ባሕር መስሎኝ እፈራው ነበር። ይሄማ... አተላ ነው!"

"ግን ቢጨምርስ?"

"ሲጨምር አየዋለኋ። አሁን ኮትህን አውልቅና አጥሩን ወደ ዳገቱ ከፍ አድርገህ ትከልልኝ። እግሬ ውሃ እንዳይነካ፣ ፍየልም እንዳይገባ። ግማሹን ዛሬ።"

ሲሚንቶ ነጋዴው እስኪመሽ እንጨት ተከለ። አንድም ጊዜ ሜትሩን አላወጣም። እንጨት ሳቀብለው "ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ አንዴ እንኳ አልነገረችኝም" አለኝ። ፊቱ ርሷል፤ ላብ ነው ብዬ አለፍኩት። ምናልባትም ላብ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2000

አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሺህ ዓመት። ራዲዮኑ ከጠዋት ጀምሮ ታላቅ ሆነናል ይላል። ረቡዕ ነው፤ እኛ ታላቅነታችንን በሽሮ አከበርን። አባ ወርቅአገኘሁ መጡ፣ ድልህ ቀረበላቸው። እማዬ ማሰሮውን ከነጨርቁ ደጅ አውጥታ በፀሐይ አሳየቻቸው። "ነጭ፣ አባ።" "ነጭ" አሉ። ያዘኑ መሰለኝ።

መስከረም 7

ትምህርት ሊጀመር ነው። "እዚሁ ልቆይ? ብልባላ ትምህርት ቤት ዝውውር ልጠይቅ?" አልኳት። በእርግጥ አስቤበታለሁ። ዳሩን ለምጄዋለሁ።

"ለምን?"

"ላንቺ።"

"እኔ ምን ሆኜ?"

 በእርግጥ ምን ሆና?

መስከረም 9፣ ላሊበላ

ዛሬ ጠዋት ከእሷ ተለየሁ። ደጅ ላይ ተሳሳምን፣ ከዚያ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ጫፍ ላይ ሚኒባሱ ጥሩንባውን ይነፋል። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ዞሬ "ደኅና ሁኚ!" ብዬ እጮህ ነበር፤ እሷም ድምፄ ወደመጣበት እጇን ታነሣ ነበር፤ አንዳንዴ ወደ ዛፍ።

ዛሬ አልጮህኩም። ዞርኩና ዝም ብዬ እጄን ብቻ አነሣሁ። ልፈትናት? ምናልባት። ከሥር እንደ ነጭ ነጥብ ቆማለች። 

አነሣች። ቀጥ አድርጋ፣ ወደ እኔ። ከፍ አደረገች። እንደገና ከፍ። ወዘወዘችው። እንባዬ መጣ፤ እናቴ ከዚህ ሁሉ ርቀት አየችኝ ብዬ እኔም በሁለት እጄ ማውለብለብ ጀመርኩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ። እሷ ግን ይበልጥ በኃይል ወዘወዘች። የተቆጣች ሁሉ መሰለች። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ።

የረሳሁትን ጃንጥላዬን ነበር የያዘችው።

ሹፌሩን "ጠብቀኝ" ብዬ ተመልሼ ወረድኩ።