ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የቀሩት ዶን ኢላሪዮ ፖላንኮ

ይህን በቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ከዋና ከተማ የመጣ ጋዜጠኛ ይጻፈው ተብሎ ነበር። «ዶንያ ኦቢዱሊያ ፊደል አልቆጠሩም፤ ምን ያውቃሉ?» አሉኝ። ወንድሜን አዝዬ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ጋዜጠኛው ስማቸውን እንኳ አሳስቶ ጠርቷል። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ፣ የልጅ ልጄ ጻፈች።

ዶን ኢላሪዮ ፖላንኮ ከአገዳ ቆራጩ አባታችን ከዶን ኤውሴቢዮና ከእናታችን ከዶንያ ቶማሳ በ1941 እ.ኤ.አ. በባራንካ ዱልሴ፣ በስኳር ፋብሪካው ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቤዝቦል ወሰዳቸው።

በ1963 የከተማችንን ቡድን፣ «አዞዎቹን»፣ በኳስ ተቀባይነት ተቀላቀሉ። ከ1966 እስከ 1975 አዞዎቹ ስድስት ጊዜ ዋንጫ አነሡ። ባሸነፉ ቁጥር የፋብሪካው ጡሩምባ ይነፋል፤ በማግስቱ አገዳ የሚቆርጥ አይገኝም፤ አለቆቹም ዝም ይላሉ። ዛሬ ሬሳቸውን ከሚሸከሙት ሦስቱ ኢላሪዮ ይባላሉ፤ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

በ1968 ዶንያ ኔሬይዳን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ኳስ የሰባበረው ጣታቸው ቀለበት አላስገባ ስላለ፣ ቀለበቱን በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

በ1975 በመጨረሻው ጨዋታ አዞዎቹ በአንድ ነጥብ ተበልጠው ነበር። በቤዝቦል ሯጩ ሦስቱን ማረፊያዎች ዞሮ መነሻው ላይ ሲገባ ነጥብ ይቆጠራል፤ ዶን ኢላሪዮ ሮጠው ሦስተኛው ማረፊያ ደረሱ። መነሻው ላይ ቢገቡ እኩል እንሆን ነበር፤ መቺያችን ግን ኳሷን ሳተ፣ ጨዋታው አበቃ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ባለቤት ቡድኑን ለዋና ከተማ ሸጡት። ሜዳው ተቆለፈ፤ ኋላ ፋብሪካውም ተዘጋ። ዶን ኢላሪዮ ከቡድኑ ጋር እንዲሄዱ ሲጠየቁ «ከተማውንስ ማን ይዞት ይሄዳል?» ብለው ቀሩ። እሁድ እሁድ በተቆለፈው በር ላይ ይቀመጡ ነበር።

አላፊው «ዶን ኢላሪዮ፣ ዛሬም ሦስተኛው ላይ ነዎት?» ሲላቸው፣ «እንዳንተ ያለ መቺ ይዤ የት ልድረስ?» ይሉት ነበር።

የስኳር ሕመም መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን ወስዶ ማርች 9 ቀን 2019 አረፉ። ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፣ አልደረሱም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

የአዞዎቹ ተጫዋች ሲሞት ሬሳው ማረፊያዎቹን ዞሮ መነሻው ላይ ይጸለይበታል፤ ወጋችን ነው። አምና ግን የኳስ ወርዋሪያችን የቶሪቢዮ ሬሳ የሚከፍትለት ጠፍቶ ከሜዳው በር ተመለሰ። ሜዳው መጋዘን ሊሆን ነው። ቡድን የለም፣ ጡሩምባ የለም፤ ይመለሳል ብዬም አልጠብቅም። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በር በማይዘጋበት ያሳርፍልን።

ኢንጂነር ሮሄሊዮ፣ አባትህ ቡድናችንን ሸጡ፤ አንተ ጥቁር ለብሰህ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። አበባህን መልሰህ ውሰድ። የሜዳው ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ነው። ተነሥና ክፈት፤ ወንድሜ ከሦስተኛው ይግቡ።