ከመርኪያት ኮረኮንች ላልተመለስከው

ሞገስ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር አልችልም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የዘንድሮው ዝናብ ክፉ ነበር፤ ዓባይ ሞልቶ የስንቱን ቤት ጠራርጎ ሄደ። አንተ የተኛህበት ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው አልነካህም። ከመቃብሩ የመጡ ሰዎች ይህን ሲነግሩኝ “እድለኛ ነው” አሉኝ። በቁምህ ማንም እድለኛ ብሎህ አያውቅም ነበር።

ካርቱም ውስጥ ከሰፈራችን ከዴም አልወጣንም፤ ከድሮው ግቢ ግን ወጥተናል። ለምን እንደወጣን እነግርሃለሁ። አሁን የምንኖረው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ቀን የሰው ፀጉር ስሠራ እውልና አንድ በር ተሻግሬ ቤቴ እገባለሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ የሽግግር ጊዜ ነው ይሉናል፤ የዳቦው ሰልፍ ግን አልተሸጋገረም። ልጃችን ማርታ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። አማርኛዋ እየሳሳ ሄዷል፤ ከእኔ ጋር ስትጣላ በዓረብኛ ነው የምትጣላው። ስላንተ ስታወራ ብቻ ይመለስላታል። አንተ ያስተማርካትን ቃላት አንዱንም አልጣለችም፦ ኮረኮንች፣ ቁልቁለት፣ ፍሬን፣ ካቴና።

ሰው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ ባልሽ ምን ፍለጋ ነበር በብስክሌት እዚያ ድረስ የሚሄደው? እኔ አውቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር የሰው ቤት ቀለም ስትቀባ ትውላለህ። ወደ ቤት ስትመለስ ሚኒባሱና ራክሻው፣ ያ የእኛ አገሩ ባጃጅ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ቦይ ይገፋሃል። መኪና ትፈራ ነበር፤ ደፍረህ አትናገረውም እንጂ። ያደግኸው ቆቦ ነው፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ በጠጠር መንገድ ስትጋልብ ማንም “ዞር በል” ብሎህ አያውቅም። ካርቱም ውስጥ ያንን የሚመስል ያገኘኸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ካለችው ከኦምዱርማን መጨረሻ ቤቶች አልፎ ያሉት የመርኪያት ጀበሎች፣ ተራሮቹ። አርብ ጠዋት ድልድዩን ትሻገርና ጓደኛህን ዑስማንን ከደጁ ትወስደዋለህ። ያ የሒሳብ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ይልቅ አንተን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ዳገት ላይ ስለማትጠብቀው።

እኔንም አንድ ጊዜ ወስደኸኛል። የዑስማንን እህት ብስክሌት ተውሰህ፣ በቀሚሴ ስር ሱሪ አስለብሰህ። አስፋልቱ ሲያልቅ ወርደህ የሁለታችንንም ጎማ ጥቂት አስተነፈስክ፤ ኮረኮንች ላይ ልል ጎማ ነው መሬት የሚጨብጠው አልከኝ። ጀበሎቹን ሳይ ሳቅኩብህ። “ይሄን ነው ተራራ የምትለው? በእኛ አገር ጉብታ ነው” አልኩህ። አንተም “ግርጌው ይበቃኛል፤ ጫፉን ለሚፈልግ ትቼለታለሁ” አልከኝ። መንገዱ የኮረብታዎቹን እግር ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደረቅ ወንዝ ይሻገራል። ፍየሎች አሉ፤ ከእሾህ ዛፎቹ ስር ጥላ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ጠጠሩ ከጎማዬ ስር ሲንኮሻኮሽ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ የመኪና ጥሩምባ ሳልሰማ፣ ወረቀት አሳዪ የሚለኝ ሳይመጣ የዋልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ እየሳቅክ በመጠጫ ውሃህ አጠብክልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ ነበር የደከመኝ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ወጣቱ መንግሥት ይውረድ ብሎ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ከተቀመጠ ሰንብቷል። አንተም ከሥራ መልስ ውሃ ተሸክመህ ትሄድ ነበር፤ ይህን የሚያስታውስልህ የለም። በዚያ ጠዋት ሬዲዮው የወታደር ሙዚቃ ብቻ ይለቃል። ሁሉም መግለጫ ይጠብቃል። አንተ ብስክሌትህን ከግድግዳው አወረድክና “ዛሬ መኪናው ሁሉ ወደ አደባባዩ ነው። መንገዱ የእኛ ነው” ብለኸኝ ወጣህ። ከበሩ በኋላ ያለውን የማውቀው ከዑስማን ነው። ደጋግሞ ነግሮኛል፤ አንድም ቃል አይለውጥም።

ወደ ደረቁ ወንዝ ስትወርድ የፊት ጎማህ ልል ጠጠር ውስጥ ሰጠመ። ክንድህ ድንጋይ ላይ ተላጠ፤ የብስክሌቱ መሪ ተጠምዝዞ ከጎድን አጥንትህ ስር ወጋህ። ተነስተህ ሱሪህን አራገፍክ። ውሃ ጠጣህ። “ያላ፣ እንሂድ” አልከው፤ ትንሽም ነዳችሁ። ከዚያ አንድ ዛፍ ስር ተቀመጥክና በዚያ ሐሩር “ብርድ ብርድ አለኝ” አልክ። ፊትህ አመድ መሰለ። ዑስማን ወደ ዋናው መንገድ ሮጦ ሽንኩርት የጫነ ቦክሲ አስቆመ፤ ያቺን ትንሽ የጭነት መኪና። ሽንኩርቱ ላይ አስተኙህ። ኦምዱርማን ያገኙት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ሆድህን በእጇ ነክታ “ውስጡን እየደማ ነው። ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም የለኝም፤ ሁሉም አደባባዩ ላይ ሕክምና ድንኳን ውስጥ ናቸው። ወደ ካርቱም ፍጠኑ” አለቻቸው።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መግለጫው ወጥቶ ነበር። መንግሥቱ ወድቋል። የኦምዱርማን ሕዝብ ሁሉ ድልድዩ ላይ ነው። “ሰገጠት! ሰገጠት!” ይላል፤ ወደቀ ማለቱ ነው። ልጆች ቦክሲው አፍንጫ ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። አንዲት ሴት በመስኮት እጇን ሰዳ ሹፌሩን ተምር ታጎርሰዋለች። ዑስማን ከኋላ ቆሞ “ሰው እየሞተ ነው! መንገድ ስጡን!” እያለ ይጮሃል፤ እነሱም እጃቸውን እያወዛወዙ መልሰው ይጮሁለታል፤ ደስታ መስሏቸው። አንተ ዓይንህን ገልጠህ “ምንድነው የሚሉት?” አልከው። “ወደቀ ነው የሚሉት” አለህ። “እኔን ነው?” አልክና ሳቅክ። ከዚያ በኋላ አልተናገርክም።

ዑስማን ጭንቅላትህን አቅፎ ማልቀስ ሲጀምር ነው አንዱ ልጅ ደም የነካውን ሸሚዝህን ያየው። “ሸሂድ!” ብሎ ጮኸ፤ ሰማዕት። ያኔ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ለቁስለኛው ያልተገኘ መንገድ ለሬሳው ተገኘ። ባንዲራ አለበሱህ። ዴም ድረስ በትከሻ ተሸክመው፣ እየዘመሩ፣ ደጄ ላይ አኖሩህ። እኔ በዓሉን ለማየት ነጠላዬን ደርቤ እየወጣሁ ነበር።

ወንድምህ ደምሌ የዚያኑ ቀን ጆሮዬ ላይ “ዝም በይ። ሰው ሸሂድ ካለው ሸሂድ ነው። ለማርታም ይበጃታል፣ ለመኖሪያ ወረቀታችንም” አለኝ። ዝም አልኩ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን አፍ አለው? ከግቢያችን ጫፍ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቀድሞ ከተሳለው ከአንድ የሰፈራችን ሰማዕት ጎን ሳሉህ። ጡጫህን ሽቅብ አንስተህ፣ ደረትህ ላይ ቀይ ነጥብ አድርገውልህ።

የዚያ ልጅ እናት ሐጃ ሰዕዲያ ከሰዓት ከሰዓት ትመጣ ጀመር። ልጇን በብርዱ ወራት ሰልፍ ላይ ነው በጥይት የመቱባት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ትይዛለች፤ “እህቴ” ትለኛለች። ከአገሬ ሰው እንኳ እንደዚያ የያዘኝ አልነበረም። አንድ ቀን “የእኔን ልጅ አንገቱን ነው ያገኘው። ያንቺውንስ የቱ ጋ ነው?” አለችኝ። ደረቱን ማለት እችል ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተስሏል። እጇ ግን እጄ ላይ ነበር።

“ጥይት አላገኘውም ሐጃ። ጀበሉ ግርጌ ከብስክሌት ወድቆ ነው” አልኳት።

እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣች። “የእኔ ልጅ ጎማ አቃጥሎ መንገድ ሲዘጋ ሞተ። ያንቺ ባል ባዶ መንገድ ፍለጋ ወጥቶ ሞተ። ሁለቱን አንድ ግድግዳ ላይ አታኑሪብኝ።” የተጠመጠመችበትን ቶብ ሰብስባ ወጣች፤ ሁለተኛ ደጄን አልረገጠችም።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊትህን ኖራ ቀቡት። ስስ ነበር፤ አንተ ብትሆን ትደግመው ነበር። እስከ ዝናቡ ድረስ ዓይኖችህ ከስሩ ይታዩ ነበር፤ ማርታ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ በኩል ነው። ልጆቹ “ቢንት አልዐጀላ” ይሏት ጀመር፤ የብስክሌት ልጅ። አከራያችን ግቢው ስሙ ጠፋ ብሎ አስወጣን። ደምሌ “ሁለት ጊዜ ገደልሽው” አለኝና ሳይሰናበተን ወደ ግብፅ ሄደ።

ባለፈው አርብ ማርታ ባባ የወደቀበትን ካላየሁ አለች። ዑስማን ወሰደን። ሞገስ፣ መንገድህ የለም። ጀበሉን እየቆረሱ ለሕንፃ ይሸጡታል፤ ኮረኮንቹን አስፍተው ካሚዮን ያመላልሱበታል። ዑስማን ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ፣ ወንዙን አላገኘውም፤ ቆፍረው ወስደውታል። ማርታ “የት ነው? የት ነው?” ትለዋለች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ከኋላችን የመጣ ካሚዮን ጥሩምባውን እየነፋ ከመንገዱ አባረረን። አቧራ ውጠን ተመለስን።

መንግሥት የወደቀበት ቀን በመጣ ቁጥር ይህ ከተማ ገና ለብዙ ዓመት እልል ይላል። ይበል። በሬን እዘጋለሁ፤ አንዳንዴም እረግማለሁ፣ ይቅር አልልም። ላንተ ግን የምገባልህ ቃል አለ። ማርታን ስለ አሟሟትህ ለሚጠይቃት ሁሉ የምትመልሰውን አስጠንቻታለሁ፦ “አባቴ ብስክሌት ሲነዳ ወደቀ። መንገድ አጥቶ ሞተ።” አትጨምርበትም፣ አትቀንስም። እኔም እስካለሁ እንዲሁ እላለሁ። ያልመታህን ጥይት አልሰጥህም፤ የነዳኸውንም መንገድ አልነፍግህም።

የሺ