በእቅፍ የተለኩ ሹራቦች

ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ኪሮሽ» እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናት፣ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ከሥሩ ምድጃ ስለሚነድ የክፍሏ ወለል በብርድ ወራት እንኳ ለብ ያለ ነበር። በዚህም የተነሣ ይመስላል፣ መሄድ የጀመሩት ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ነው። ዘመድ ሲጨነቅ አባታቸው «ምን ያስነሣታል፤ ተመችቷታል» ይሉ ነበር።

ልጅነታቸውን ሲያስታውሱ ሁልጊዜ የሚያነሡት በዚያች ክፍል መስኮት በኩል ይገባ የነበረውን የጠዋት ብርሃን ነው። ከታች የዱቄት ብናኝ ይወጣል፤ ከላይ ከእናታቸው መቀስ ሥር የጨርቅ ብናኝ ይነሣል፤ ሁለቱ ብርሃኑ ውስጥ ተገናኝተው ቀስ ብለው ሲዋኙ ሕፃኗ ተንጋለው ያያሉ። እናታቸው የሰው ትከሻና ወገብ እየለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው የሚናገሩ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ሲያቅፉም ሜትሩን አያወልቁም፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት የልጃቸውን ጉንጭ ይነካል። እማማ ኪሮሽ ካረጁም በኋላ «የእናቴ እቅፍ ደግ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ይቀዘቅዛል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሜትር የሚባል ነገር በቤታቸው እንዳይገባ የማሉት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከዳቦ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ኪሮሽ የያዙት እዚያው፣ የእጅ ሥራ መምህርታቸው ፊት ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ክብ ዳንቴል ይሆናል ተብሎ የተጀመረ ነበር፤ ነገር ግን ክሩን አጥብቀው ስለ ያዙት ጠረጴዛ ላይ አልተኛም ብሎ ጠርዙ ወደ ላይ ታጠፈ። መምህርቷ አንሥተው ከላይ ከታች አዩትና «ይቺ ልጅ ኮፍያ ጀምራለች መሰለኝ» አሉ። አባት ይህን ሲሰሙ ወስደው ራሳቸው ላይ ደፉት፤ አርጅቶ እስኪበጣጠስ ድረስም ዳቦ ሲጋግሩ ከራሳቸው አልወረደም።

ትምህርታቸውን በ1956 ዓ.ም. እንደ ጨረሱ በስልክ ማገናኛ ቢሮ ተቀጠሩ። ረዥም ክፍል ነው፤ ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠው ማዳመጫ ራሳቸው ላይ አድርገው ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው በሌላው ይሰካሉ። አንዱ ስለ ታመመ አጎቱ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ሲሚንቶ ይጨቃጨቃል፤ እሳቸው መሐል ላይ ሆነው «ይሰማል? አገናኝቻለሁ» ይላሉ። ጥሪ ሲቀዘቅዝ ጭናቸው ላይ ያለውን ኪሮሽ ያነሣሉ። ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ኪሮሽ ድምፅ የለውማ። ስለዚያ ክፍል ሲናገሩ «ቀኑን ሙሉ ሰው እሰማለሁ፤ አንዱንም ግን አልነካም። ማታ ወደ ቤት ስሄድ በሕልም ውስጥ ውዬ የወጣሁ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያው ገመድ ነው። ባለቤታቸው ምሰሶ እየወጡ የተበጠሰ መስመር የሚጠግኑ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጠግነው ሲጨርሱ እዚያው ምሰሶው ላይ ሆነው መስመሩን ይሞክራሉ። «ሃሎ፣ ይሰማል?» ይላሉ። «ይሰማል» ይሏቸዋል። ውሎ አድሮ ያልተበጠሰውም መስመር መሞከር ጀመረ። አንድ ቀን «እዚህ ላይ ንፋሱ አይጣል ነው» ሲሉ የሰሙት ወጣቷ ቴሌፎኒስት፣ ሰውየውን በቢሮው መስኮት ካንድም ሁለቴ አይተዋቸው ስለ ነበር በዓይን ገምተው ሹራብ ሠሩላቸው። መሬት ላይ ሲለበስ የሚያምር ሹራብ ነበር። ሰውየው ግን በማግሥቱ ቢሮው ድረስ መጥተው አመሰገኑና «አንድ ነገር ብቻ፤ ምሰሶ ስወጣ ሹራቡ ቀድሞኝ ይወጣል፤ ሆዴን ብርድ ፈጀኝ» አሉ። ወጣቷ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያየ፣ «እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ» አሏቸውና አቀፏቸው። ጣቶቻቸው ከጀርባቸው የት ላይ እንደ ተገናኙ፣ አገጫቸው የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳረፈ ልብ አሉ። ሁለተኛው ሹራብ ልክ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችንም አፈሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ኪሮሽ ሰውን የሚለኩት በማቀፍ ብቻ ሆነ። የዓመቱ ትልቅ በዓል ሲቃረብ ቤቱ ሌላ ዓለም ይሆናል። በኪሮሽ የተሠሩ ነጫጭ ኮከቦች ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ ተነክረው ቅርጻቸውን ይዘው እንዲደርቁ በገመድ ይሰቀላሉ፤ ከመስኮት እስከ መስኮት ዘርፍና የክር ኳስ ይንጠለጠላል። ልጆቹ ከኮከቦቹ ሥር ተኝተው፣ እንቅልፍ ዓይናቸውን ሲከድነው ጣሪያው ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስላቸው ነበር። ስኳሩን የሸተቱ ጉንዳኖች በገመዱ ላይ ተሰልፈው ሲመጡ ባለቤታቸው መጥረጊያ ያነሣሉ፤ እሳቸው «ተዋቸው፣ ለእነሱም በዓል ነው» ይላሉ። በእነዚያ ሳምንታት በዚያ በር የገባ ሁሉ ይታቀፋል፤ የታቀፈ ሁሉ በበዓሉ ጠዋት ሹራቡን ይቀበላል። እቅፋቸው ስቷል ከተባለ በፖስተኛው ነው፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ደብዳቤውንም በደረቱ እንደ ሸጎጠ አቀፉት። ፖስተኛው ሹራቡን ሲቀበል «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ እኔና ባለቤቴ አንድ ላይ እንለብሰዋለን» አለ።

አንዲት ሰው ብቻ ልኳ አልተገኘም። መካከለኛዋ ልጃቸው ከአራስነቷ ጀምሮ መታቀፍ አትወድም ነበር። ያነሣት ሰው ክንድ ውስጥ ጀርባዋን ትገትራለች፤ ሲያስቀምጧት ትስቃለች። ቤተሰቡ «ድመቷ» አላት። የሚያስቀይም ነገር ደርሶባት አይደለም፤ አፈጣጠሯ ነው። እናቷም ይህን ስለ ተረዱ አንድም ቀን በግድ አላቀፏት፤ ሌላውም ሰው «ነይ እስቲ ሳሚኝ» እያለ እንዲያስጨንቃት አልፈቀዱም። ነገር ግን በየዓመቱ በዓል የሁሉም ሹራብ ልክ ሲሆን የእሷ ወይ ብብቷ ሥር ይይዛታል፣ ወይ እጅጌው ጣቶቿን ይውጣል። እሳቸውም ያልሞከሩት ዘዴ የለም። በር ላይ የተሰቀለ ኮቷን አቅፈዋል። አንድ ዓመት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጥላዋን ግድግዳ ላይ ስታሳርፍ፣ ልጅቷ መጽሐፍ ስታነብ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሄደው ጥላዋን አቀፉ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ኖሮ ሹራቡ እንደ ጥላው ረዥም ሆነ። ድመቷ እሱንም ለበሰችው። ተሠርቶላት ያልለበሰችው አንድም የለም።

አድጋ የመንገድ ቀያሽ ሆነች። አንድ የበዓል ዋዜማ፣ ወንድምና እኅቷ ባሉበት፣ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣

«እማዬ፣ ቁጥሬን ልንገርሽና ይሄ ነገር ይለቅ» አለች።

«ቁጥር አልጠየቅሁሽም።»

«እኔ ተራራ የሚያህል ነገር ሳልነካው ነው የምለካው። ከወዲያ ማዶ ቆሜ!»

«ተራራ ሹራብ አይለብስም» አሏት፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ይሁን እንጂ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ኪሮሽ ኪሮሻቸውን አስቀምጠው ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ፦ «ከዓለም የምመኘው ነገር የለኝም። ለዚያች ልጅ ግን አንድ ልኳ የሆነ ሹራብ ሳልሠራ ብሞት ዓይኔ አይከደንም።»

የስልክ ማገናኛው ሥራ በማሽን ሲተካ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ ሐዘናቸውን በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው በክር አስታገሡ። በሰፈሩ አዲስ ሕፃን ሲመጣ የመጀመሪያዋ የእግር ሹራብ የእሳቸው ነበረች።

ባለፈው ዓመት ሕመም እግራቸውን ያዘው፤ ቀጥሎም ጉልበታቸውን ሁሉ። ትልቁ ልጃቸው በሥራ ምክንያት ሩቅ ነው፤ የመጨረሻዋ ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ስለዚህ ጓዟን ጠቅልላ የገባችው ድመቷ ሆነች። ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያደርሳቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት ሁለቱም ተፋፈሩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ክንዶቿን ከጀርባቸው አዞረች፤ እሳቸው አንገቷን ያዙ፤ አነሣቻቸው፤ አስቀመጠቻቸው፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ አዩ። በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ እማማ ኪሮሽ ሰማያዊ ክር እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ጣቶቻቸው ስለ ደከሙ ሥራው አዝጋሚ ነበር። ብርሃኑ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ያንቀላፋሉ፤ እጆቻቸው ግን አያርፉም፤ ዓይናቸው ተከድኖ ኪሮሹ ይሄዳል፤ አንዳንዴም በእንቅልፍ ልባቸው «ይሰማል? አገናኝቻለሁ» ይላሉ። የተኙት እሳቸው ይሁኑ ወይስ ክፍሉ፣ መለየት ይቸግር ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሹራቡ ለማን እንደ ሆነ አውቋል፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። የሁሉም ልብ የተሰቀለው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ይደርሱ ይሆን? ልክስ ይሆን?

ደረሱ። አንድ እሑድ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ድመቷ ሰማያዊውን ሹራብ ለበሰች። እጅጌው ልክ ነው። ትከሻው ልክ ነው። ደረቱ ላይ ግን ሰፋ፤ በግልጽ ሰፋ። የመጨረሻዋ ልጅ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እማማ ኪሮሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዳቸውን በአየሩ ላይ አጠፉ፤ ያቀፉትን እንደ ገና ያቀፉ መሰሉ። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ስታነሺኝ እስትንፋስሽን ትይዣለሽ» አሏት።

«እንዳትወድቂብኝ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ደረትሽ እንደ ተነፋ ለካሁት። በይ አውልቂው፣ ልተርትረው።»

«አይተረተርም።»

«ሰፊ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«የምለብሰው እኔ አይደለሁ? አይተረተርም አልኩ።»

«ድሮም አንቺ ግትር ነሽ» አሉና፣ «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ስታነሺኝ ተንፍሺ። አልወድቅም» አሏት።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ ጎንበስ ብላ ያዘቻቸው፤ አነሣቻቸው፤ ቀስ ብላም ተነፈሰች። ወንበሩ ከአልጋው ሩቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ረዘመ። ሁለቱም ቆሙ። እማማ ኪሮሽ ጣቶቻቸው ከጀርባዋ ተገናኝተው፣ አገጫቸው ትከሻዋ ላይ አርፎ፣ «ይኸው፤ ይቺ ናት» አሉ። ካስቀመጠቻቸው በኋላ «ክር ላምጣልሽ?» አለቻቸው፤ ሌላ ሹራብ የሚጀምሩ መስሏት። ራሳቸውን ነቅንቀው «አይ፣ ልክሽን አወቅሁት፤ ይበቃኛል» አሉ። ኪሮሽም ከዚያ ወዲያ አልያዙም።

እማማ ኪሮሽ በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ በዚህ ዓመት የካቲት 14 ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ወንበራቸው ላይ ሳትደርስ፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው በሰላም አርፈዋል። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችን፣ በስልክ ቢሮ አብረዋቸው የሠሩ ጓደኞቻቸውንና ሹራባቸውን የለበሰ ሰፈር ሙሉ ሰው ትተው አልፈዋል።

በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። አንድ ትንሽ ልመናም አለው፦ ለማጽናናት ስትቀርቡ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችውን ልጃቸውን እጇን ብትጨብጧት ይበቃታል። ማቀፍ አሁንም አትወድም።

ፈጣሪ የእማማ ኪሮሽን ነፍስ ብርድ በማያገኛት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ይስጥ።