የእማን ኪኒን ያስጣለው ወሬ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፤

እንዴት ከረምሽ? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ? ቤቱ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው? እማስ እንዴት ናት? የደም ግፊቷ ወረደ? ማዞሩስ ተዋት? እኔ በጤናም በሥራም ደኅና ነኝ፤ ያንቺን ውለታ ግን በምን አፌ ልናገረው!

እንዳልሽኝ ያንን ዜና እስከ ታች ድረስ አነበብኩት። እንዴት እንዳፈርኩ ምን ልበልሽ! ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስመረምር የምውል፣ አንዲት ሜትር እንኳ ገልብጬ ሳላይ የማላሳልፍ ሰው፣ «የግፊት ኪኒን ኩላሊት ያቃጥላል» የሚለውን ርእሱን ብቻ ስልኬ ላይ አይቼ ለእማ በድምፅ ላክሁላት። «ዛሬውኑ ተይው» አልኳት ደግሞ፣ ሐኪም ይመስል! እሷም የልጄ ቃል ብላ አራት ቀን ተወችው። ኪኒኑን ከትራሷ ሥር ባታገኚው ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ስትደውዪ ልክ ልኬን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ረጋ ብለሽ «ማን ጻፈው? መቼ?» አልሽኝ። የጸሐፊ ስም የለውም፤ ከወጣም ሦስት ዓመት ሆኖታል። በዜናው ፎቶ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰውን «ፕሮፌሰር» ሌላ ገጽ ላይ የጥርስ ሳሙና ሲያስተዋውቅ አገኘሁት፤ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ። «ይህን ብናምን ማን ይጠቀማል?» ስትዪኝ ወደ ታች ብወርድ፣ ለካ ከዜናው ግርጌ «ግፊት ያድናል» የሚሉትን የሥር ዱቄት ይሸጣሉ! እርስ በርስ የማይዋደዱ ሁለት ጋዜጦችንም አየሁ፤ አንዳቸውም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ሐኪሟ «ትቀጥል» ማለቷን ስትነግሪኝ ነው እፎይ ያልኩት። እትዬ፣ እናቴን አተረፍሽልኝ።

እማ ግን «ተዪ ያለኝ ልጄ ነው፤ ዋጪ የሚለኝም እሱ ነው። ስልክ ካሳሳተው በእጁ ይጻፍልኝ» አለች አሉ። አንቺ ቆመሽ ካላየሻትም ከምላሷ ሥር ትደብቀዋለች አልሽኝ፤ አቤት ግትርነቷ! የፋብሪካችን ሹፌር ነገ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን ያደርስልሻል። ከታች መጨረሻ ላይ ለእሷ የጻፍኩትን ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረስ። ትልቋን ልጅሽን ለፈተናዋ በርቺ በዪልኝ፤ ያቺን ትንሿን አኩራፊም ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

እማዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሳላጣራ አስፈራራሁሽ፤ ይቅር በይኝ። ኪኒንሽን ዛሬም ነገም ዋጪ። በጤናሽ ነገር ሐኪምሽን ስሚ፤ እኔ ልጅሽ ብነግርሽ እንኳ እንዳታምኚኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከፋብሪካው ማደሪያ፣ እሑድ፣ ኅዳር ፲፱