የፓምፑ ዓሣዎች

ጓዴ፣

የእህቴ ባል ለእራት ጎረቤት ጠርቶ፣ ዓሣውን አብረን እናምጣ ብሎ በፕላስቲክ ታንኳ ሐይቁ መሀል ይዞኝ ገባ። እኔ ዋና አልችልም፤ ታንኳዋ ደግሞ በተነፈስኩ ቁጥር ትወዛወዛለች። ከኋላው ገንዳ አለ፤ መንጠቆ ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ዓሣዎች እንዳይሞቱ ፓምፕ አየር ይነፋላቸዋል። ከፊቱ ከታች ያለውን ዓሣ የሚያሳይ ስክሪን ተክሏል። ሁለቱም የሚሠሩት እግሬ ሥር በተወተፈ አንድ ባትሪ ነው።

ስክሪኑ በዓሣ ተጨናነቀ። «ከእግራችን ሥር ገበያ ቆሟል» አለኝ። እስከ ቀትር አንድም አልተያዘ። ባትሪው እንዳያልቅ ፓምፑን ሲያጠፋው ዓሣዎቹ ከስክሪኑ ጠፉ፤ ሲያበራው ተመለሱ። ለካ ስናጠምድ የዋልነው ስክሪኑን የሚረብሸውን ፓምፕ ኖሯል።

ነገርኩት።

«አንተ ስታወራ እኮ ነው የሚሸሹት» አለኝ።

የሌለ ዓሣ እንዳላስደነግጥ ዝም አልኩ። አንተ እንኳ በጣሳ ትል ይዘህ ወንዝ ዳር ስትውል፣ ባዶ እጅህን ለመመለስ ባትሪ አላስፈለገህም።

እህቴ መጥበሻውን ጥዳ ጠበቀችን። ባሏ ጎረቤቶቹን አየ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አየር ሲነፋላቸው የዋሉትን ጣት የማያህሉ ዓሣዎች ከነገንዳው አቀበላት።

«ይኸው ነው?» አለችው።

«ትኩስ ናቸው።»

በዚህስ አልዋሸም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ጣሳህንም አትጣላት። አሁን አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ አልጋውም ይወዛወዛል።