ታሪካችን ከእግራችን በታች ነው ላሉት ሊቀመንበር

ለክቡር ሚስተር ራስል ስታንዲሽ
የሃልደንሾ ታውን እግር ኳስ ክለብ ባለቤትና ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ጉልበትዎና እንቅልፍዎ ልብዎ እንደወደደው እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። የእኛን የጠየቁ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ ጉልበታችንን ከመቆርጠሙ በቀር ደህና ነን፤ ሃልደንሾ ላይ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ደግሞ እርስዎም እስካሁን ሊገዙልን አልቻሉም።

ስሜ ግሌኒስ አክሮይድ ይባላል። በባቡር ሐዲዱ በኩል ካለው ጎል ጀርባ ቆሜ ያደግሁ፣ እዚያው ያገባሁ፣ እዚያው ያረጀሁ ደጋፊ ነኝ። ይህን በከተማችን ጋዜጣ የማወጣው ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቢሮዎ ስልክ የምታነሳው ትሁት ሴት መልእክቴን እንደምታደርስ በደወልኩ ቁጥር ስለምታረጋግጥልኝና መልእክቴም መንገድ ላይ ስለሚደክመው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማሊያችን አመሰግናለሁ። እርስዎ ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑ አልነገሩዎት ይሆናል እንጂ፣ ክለባችንን የመሠረቱት የማቅለሚያ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ማሊያቸውን ቀይ ሊያደርጉ ፈልገው፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ሳያዩ ዘፈዘፉትና ቀይም ሰማያዊም ያልሆነ፣ በርግጫ የተመታ ጭን የሚመስል ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ሌላ ጨርቅ ስላልነበራቸው በዚያው ተጫወቱ፣ በዚያው ተሸነፉ። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ባላንጣዎቻችን፣ የኦትሮይድ ሰዎች፣ «ዝፍዝፎቹ መጡ» ብለው ሳቁብን፤ እኛም ስድቡን እንደ ክርስትና ስም ተቀብለን ይኸው እስከ ዛሬ ዝፍዝፎች ነን። በእኛ ከተማ አንድ ስሕተት ከአያት ለልጅ ልጅ ከተላለፈ በኋላ ስሕተት መሆኑ ይቀራል። እርስዎ ግን ባለሙያ ቀጥረው፣ ጥናት አስጠንተው፣ ማሊያውን ጥርት ያለ ቀይ አደረጉልን። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ለእጥበቱ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ መግቢያው ላይ ላሠሩልን የታሪክ ግድግዳ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፎቶግራፎቹ ያምራሉ። ከላያቸው በወርቅ ቀለም ያጻፉት «ታሪካችን ከእግራችን በታች ነው» የሚለው ቃል ደግሞ፣ መሠረታችን ነው ለማለት ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም ግድግዳው በተመረቀ በዚያው ሳምንት የሆነውን ላየ ሰው፣ ቃሉ ሌላም ትርጉም ይሰጣል።

ይህም ወደ ሦስተኛው ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠር አልችልም።

ባለቤቴ ክሊፎርድ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ወደ ኦትሮይድ የሚሄደውን መስመር አልነዳም ብሎ ከአለቃው ጋር እስከ ጡረታው የተኳረፈ ሰው ነው። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «ግሌን፣ መቃብር ቦታ እንዳትወስጂኝ፤ እዚያ ማንንም አላውቅም። ጎሉ ጀርባ አድርጊኝ፤ ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው አገኛለሁ» አለኝ። እንደ አገራችን ልማድ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱን ተረከብኩና እንዳለኝ አደረግሁ። የሜዳው ጠባቂ ሣሩን በአካፋ ገለጥ ያደርጋል፣ አመዱ ይፈስሳል፣ ሣሩ ይመለሳል፣ እሱም በእግሩ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። በእኛ ክለብ ወጉ ይኸው ነበር። ስንቱ ወገናችን እዚያ ተኝቷል። ኳስ እንዳያነጥር ብለን ድንጋይ አላቆምንባቸውም፤ የት እንዳሉ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ክቡርነትዎ በዚህ በጋ ሰው ሠራሽ ሣር አመጡልን። የማይጠወልግ፣ የማይጨቀይ፣ ውሃ የማይጠይቅ ነው፤ የሚያሳድገው ስለሌለ አፈርም አያስፈልገውም። ስለዚህ አፈሩን አስጠርገው በመኪና አስጫኑት። አጥሩ ጋ ቆሜ ሾፌሩን የት እንደሚወስደው ብጠይቀው «እማማ፣ አፈር አፈር ነው፤ የገዛው ሰው ጋ ነው የምናራግፈው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። የገዛው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ነገረኝ፤ ኦትሮይድ አዲስ የልምምድ ሜዳ እያስደለደለ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ትሁቷ ሴት የጠፋብኝ ዕቃ ምን እንደሚመስል እንድገልጽላት ጠየቀችኝ። ግራጫ መሆኑንና ባለቤቴ መሆኑን ገለጽኩላት። የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ድረስ ሄዳ አይታልኝ ተመለሰችና ከጃንጥላ በቀር ምንም እንደሌለ በታላቅ አክብሮት አስታወቀችኝ። ስለ ድካሟ ያመስግኑልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ምን እንደምጠይቅ እኔም አላውቅም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አመድም ከአፈር አይለቀምም። ጠበቃ የሚባለውንም አማከርኩ፤ ሜዳው የእርስዎ ነው፣ አፈሩም የእርስዎ ነው፣ በአፈሩ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነው አለኝ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሁንም ሻርፔን አንስቼ በሩ ድረስ እሄድና እዚያው እቆማለሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ከባሌ ሞት ይልቅ ይሄኛው ከበደኝ፤ በሞቱ ጊዜ ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ሳያውቁን ለወደዱን፣ ሳንጠይቅ ላሻሻሉን፣ ሳንሞት ለቀበሩን፣ የሞቱብንንም ላስነሡልን ክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ በቀዩ ማሊያ መካከል ወይን ጠጅ ሻርፕ ለብሳ ዓይንዎን ስላስቀየመች ይቅርታ የምትጠይቅ፣

አገልጋይዎ
ግሌኒስ አክሮይድ፣ ዝፍዝፏ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ክሊፍ አልነዳም ባለው አውቶቡስ ተሳፍሬ ኦትሮይድ ሄድኩ። ከነሻርፔ የልምምድ ሜዳቸው ዳር ስቆም አንድ ሽማግሌ «ዝፍዝፏ፣ መንገድ ጠፋብሽ እንዴ?» አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀና «አይ ባልሽ፣ በስተመጨረሻ ደህና ክለብ ገባ» አለኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም። እሱ ግን ሄዶ ወንበር አመጣልኝ፤ ተጫዋቾቹንም ጠርቶ አንድ ነገር ነገራቸውና አዲሱን አፈር ሳይረግጡ ዞረው ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄዱ። ስለዚህ የግድግዳውን ጽሑፍ ያሳርሙልኝ። ታሪካችን ከእግርዎ በታች የለም። ኦትሮይድ ነው ያለው፤ እዚያ ሰዎቹ ዞረውት ያልፋሉ።