«ከጉንዳን ነጻ» የተባልኩበትን ወረቀት ስለመመለስ

ለክቡር አቶ ራንዳል ታኬሞቶ
የዋይሎኮ መንደር የተባይ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሂሎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን፣ በተለይም ዝናብ እንዳይነካው ከመኪናው የማይወርደውን የተቆጣጣሪዎን የአቶ ዱዌይንን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከአንገቴና ከብብቴ በቀር ደህና ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር ስሆን፣ መንደሩ ሁሉ አጎቴ ክሊፍ ይለኛል። በሰው ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝና ዛሬ ተራው የራሴ ስለሆነ እንዲታገሱኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ወር ጽሕፈት ቤትዎ «ከእሳት ጉንዳን ነጻ የሆነ አርአያ ግቢ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ስለሰጠኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከምስጋናው ጋር የሚከተሉትን ጥቂት አቤቱታዎች አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዝናቡ። መመሪያዎ የጉንዳኑ መርዝ ዛፍ ላይ የሚቀባው ዝናብ በሌለበት ቀን እንደሆነና በየስድስት ሳምንቱ መደገም እንዳለበት ያዛል። ሂሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን መቼ እንደሚውል አስቀድመው ቢያሳውቁን መርዙን ከመቀባታችንም በላይ ልብሳችንን እናሰጣበት ነበር።

፪. ስለ ምርመራው። ሩዝ የምንበላበትን እንጨት የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተን፣ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆይተን፣ የተሰበሰበውን ጉንዳን በከረጢት አሽገን፣ ፍሪዘር ውስጥ ከገደልነው በኋላ እንድናመጣላችሁ አዛችሁናል። እኔም ጥር ላይ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። እንጨቱ ሰሊጥ የተነሰነሰበት መስሎ ወጣ። ባለቤቴ ቨርና ዓሣ ስትፈልግ ከረጢቱን አግኝታ «አንተ ክሊፍ! አሁን ደግሞ ጉንዳን ልታበላን ነው?» አለችኝ። «የጽሕፈት ቤቱ ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን አልወሰድክላቸውም?» አለችኝ። ከረጢቱ እስከ ትናንት ድረስ ከዓሣው ጀርባ ነበር።

፫. ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። አቶ ዱዌይን ግቢዬን ሊመረምር የመጣ ዕለት የመኪናውን መስኮት ጣት በሚያሾልክ መጠን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ፣ ጉንዳን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለአንተ የሚበቃ የለኝም፣ የኔ ልጅ» ብዬ ቀለድኩበት። ስቆ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። አርአያ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው። ነገሩ ቀልድ ነበር፤ መኪናው ሲዞር እያየሁ ዝም ማለቴ ግን ቀልድ አልነበረም።

፬. ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይኼኛው ነው። መንደሩ ሁሉ አክስቴ የሚላት ጎረቤቴ ኤስትሬሊታ አግባያኒ ባሏ ከሞተ ወዲህ በቅዳሜ ገበያ አበባ ሸጣ የምትኖር ሴት ናት። እሷም እንደ እኔ መረመረች፤ ነገር ግን የሚሏትን የምትሰማ ሰው ስለሆነች ከረጢቷን በማግሥቱ አመጣችላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ አጥሯ ላይ «ጉንዳን ያለበት ግቢ» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ የገበያ ቦታዋም ተዘጋ። ጉንዳኑን የደበቀውን ሸልሞ የተናገረችውን መቅጣት፣ ጉንዳን አለብኝ የሚልን ሰው ቁጥር በእጅጉ ስለሚቀንስ የዓመቱ ሪፖርታችሁ እንደሚያምር አልጠራጠርም።

አሁን ሰው እሷን ሲያይ መንገድ ተሻግሮ ይሸሻታል። ገበያ ላይ «ጉንዳኑን ያመጣችብን እሷ ናት» ሲባል ሙዝ እየገዛሁ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ሙዝ መምረጤን ቀጠልኩ።

ባለፈው እሁድ ሾርባ ይዛልኝ መጣችና መንገዱ ላይ ቆመች። «አልገባም፣ አጎቴ ክሊፍ፤ በልብሴ ይዤ እንዳላመጣብህ። ድስቱን እዚሁ ልተውልህ» አለችኝ። ድመቷ ተከትላት መጥታለች፤ አንድ ዓይኗ እንደ ወተት ነጥቷል።

«ድመትሽ ምን ነካት?»

«እነሱ ናቸው እንጂ! ዓይኗ ውስጥ ነደፏት። ማን እንዳመጣብኝ ባወቅሁ።»

«ብታውቂ ምን ታደርጊው ነበር?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ምን አደርገዋለሁ? ግቢህን ቶሎ አስመርምር እለዋለሁ። ምስኪን፣ ሳያውቅ ይሆናል።»

ክቡር ሆይ፣ አውቅ ነበር። ሾርባውንም በላሁት፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር።

አምና የልጅ ልጄ ካላኒ አንደኛ ዓመት ሲከበር፣ ፑና ወረዳ ካለው ወዳጄ ግቢ ቲ የሚባለውን ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ችግኝ ከነአፈሩ ጭኜ አመጣሁ። ስጭን አንዳች ነገር አንገቴን ነደፈኝ። ወዳጄም «ተጠንቀቅ፣ እነዚያ ትንንሾቹ እዚህ አሉ» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ሙቀት ያወጣብኝ ሽፍታ ነው ብዬ ሳቅሁበት። እንግዶች ተጋብዘው፣ አሳማው ተጠብሶ፣ የሚታደለው ተክል ቀረ ከምል ሽፍታ ማለት ቀለለኝ። በደንባችን መሠረት ለእያንዳንዱ እንግዳ ቢጫ ጥብጣብ የታሰረበት ማሰሮ አሸከምኩት። አርባ ሁለት ማሰሮ ከደጄ ወጥቶ አርባ ሁለት ግቢ ገባ። አክስቴ ኤስትሬሊታ ጉንጬን ስማ ተቀበለችኝና ድመቷ የምትተኛበት ደረጃ ላይ አኖረችው።

ስለዚህ የአርአያነቱን ወረቀትና ከዓሣው ጀርባ የነበረውን ከረጢት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ቀዩን ወረቀት ከእሷ አጥር አንሥታችሁ እኔ በር ላይ ለጥፉልኝ። የእሷን አበቦች መርምራችሁ ገበያዋን ክፈቱላት። የአርባ ሁለቱን እንግዶች ስም ጽፌ አያይዣለሁ፤ የሁሉም ግቢ አንድ ላይ ካልታከመ ጉንዳኑ ካንዱ ወዳንዱ ሲመላለስ ይኖራል።

ደብዳቤውን ከማስረከቤ በፊት መንገዱ ላይ ቆሜ ለአክስቴ ኤስትሬሊታ አነበብኩላት። ስጨርስ «ድስቴን መልስልኝ» ብላ ገባች።

ለሰጡኝና ላልተገባኝ ክብር ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ጤናን፣ ለአቶ ዱዌይንም ጃንጥላ እመኛለሁ።

የቀድሞው አርአያ፣
ክሊፎርድ ኬአላማኪያ

ማስታወሻ፦ ይህችን የምጨምረው በእናንተው መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ነው። «ተክል ከመቀበልዎ በፊት ይመርምሩ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቢጫ ጥብጣብ ያለው ማሰሮ አያለሁ፤ ግብዣዬ ላይ ሁለት ሰሃን በልተው ሲያበቁ በገዛ እጅዎ ይዘው የወጡት ነው። እኔን ለማነጋገር አንድ ሰዓት አስጠብቃችሁኛል፤ ለምርመራው የሚያስፈልገውም በትክክል አንድ ሰዓት ስለሆነ ቅቤ የቀባሁትን እንጨቴን ሰክቼበት ነበር፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት መስሎ ወጣ። ይህኛውንም በከረጢት አሽጌ ለጸሐፊዋ ሰጥቻለሁ። ሁለት ቀይ ወረቀት ያዘጋጁ፤ መዶሻውን እኔ አመጣለሁ።